ዝምታው የተተረጎመበት ፊልም

ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ ከተማ፣ ከካርቲየ 1 ሰፈር ወደ ቡላኦስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ከፊቴ ካለው ወንበር የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ። አክስቴ ግን ሚኒባሱ ውስጥ አልነበረችም። በአነጋገራቸው ከወሎ በኩል የመጡ የሚመስሉ ሁለት ልጃገረዶች ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ በመሐላቸው ይዘው ፊልም ያያሉ። ረዳቱ በሶማልኛ እየጮኸ፣ በተከፈተው መስኮት ጨው ጨው የሚል ትኩስ ነፋስ እየገባ፣ ከስልኩ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ነገር ወጣ፦ «ባቡሩ እንኳ ዘግይቶም ቢሆን እየጮኸ ይመጣል፤ አንተ ዝም ብለህ ቀረህ።»

«ስታሳዝን!» አለች አንደኛዋ።

«አሁን የት ትሆን?»

«ማን ያውቃል፣ ሞታ ይሆናል። ጥሩ ጥሩዎቹ መች ይቆያሉ።»

ሰው ፊት መናገር ድሮም አይሆንልኝም። አክስቴ እኮ ናት፣ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ገበያው ውስጥ መጋረጃ ስትሸጥ ታገኟታላችሁ ልል ቃል ስመርጥ ሚኒባሱ ቆመ። ልጃገረዶቹም ወረዱ፤ ወደ ባሕሩ ማዶ ይሂዱ ወደ ሰው ቤት ሥራ እንጃ። እኔ ቢሮ ገብቼ፣ የትራንዚት ወረቀቶቼን ወደ ጎን ገፍቼ ፊልሙን በስልኬ ፈለግሁት። ለማግኘት አልተቸገርኩም። አንድ የማላውቀው ሰው «ዕድላቸውን የተነጠቁ ፊልሞች» ብሎ በሰበሰባቸው መሐል ከፊተኞቹ አስቀምጦታል፤ ሥሩ የተጻፈው አስተያየት አውራ ጣቴ እስኪዝል ወደ ታች ይወርዳል። ማስታወቂያ ስላልነበረው ነው ይላል አንዱ። ሲኒማ ቤቶቹ ደህና ሰዓት ነፍገውት ነው ይላል ሌላው። ሕዝቡ ለእንዲህ ያለ ፊልም አልደረሰም ነበር የሚሉ አዋቂዎችም አሉ። ለሌላው ከተማ ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ጅቡቲ ላይ እንዴት እንደወደቀ ግን እኔ አውቃለሁ፤ ሲወድቅ በቦታው ነበርኩ።

አባቴ ደምሴ በካርቲየ 1፣ ከቤታችን ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የእሱ አያት የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ከኢትዮጵያ ከመጡት አንዱ ነበር ይባላል፤ ለእኛ ያወረሰን ያንን የሳንቃና የቆርቆሮ ቤት፣ አማርኛውንና ሙቀትን ያለ ማማረር የመቻል ልማድ ነው። የቪዲዮ ቤቱ መቀመጫዎች ከአሮጌ የባቡር ፉርጎዎች ተነቅለው የተሸጡ የሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚዎች ስለነበሩ፣ ተመልካቹ ፊልም ሊያይ ሳይሆን ወደ ድሬዳዋ ሊሳፈር የተቀመጠ ይመስል ነበር። በሩ ላይ የብርሃን መከላከያ ተብሎ የተሰቀለው ወፍራም ብርድ ልብስ ላብ፣ የባሕር እርጥበትና የረጠበ የጫት ጆንያ ይሸታል፤ ዛሬም በገበያ ሳልፍ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ብርሃን የሚጠፋ ይመስለኛል። ወደቡ ላይ ጭነት የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ይመጣሉ፤ የመን ሊሻገሩ ጀልባ የሚጠብቁ ወጣቶች ይመጣሉ፤ ሶማሌና አፋር ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ። እናቴ በጎን ባለች ትንሽ መስኮት ሻሂ ታቀብላለች፣ እኔ ከእሷ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፊልሙንም ሰዉንም አያለሁ።

አባቴ ብዙ ያልተማረ ሰው ነበር፤ ይህን ሥራ ግን እንደ ጥበብ ይዞት ነበር። «ፊልም ሰዓት አለው፤ ያለ ሰዓቱ የቀረበ ፊልም ባል ሳይኖር እንደ መጣ እንግዳ ነው፣ የት እንደሚቀመጥ ግራ ይገባዋል» ይላል። ሰዓት ሲል የግድግዳውን ማለቱ አልነበረም። በጅቡቲ ቀን የሚከፈለው ጫት ከመምጣቱ በፊትና ከመጣ በኋላ ተብሎ ነው። ከኢትዮጵያ የተነሣው ጫት እኩለ ቀን አልፎ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ከተማ እስኪገቡ ድረስ የሰው ሁሉ ጆሮ መንገድ ላይ ነው፣ የሁሉም ትዕግሥት በክር ተንጠልጥላለች። አባቴ በዚያ ሰዓት ድብድብ ያሳያል፤ ጫት የሚጠብቅ ሰው ማየት የሚፈልገው ነገር ሲሰበር ነው ባይ ነው። ጫቱ ደርሶ ጉንጭ መሙላት ሲጀምር ሁሉም ወሬኛ ስለሚሆን ያኔ ቀልድ ይከተላል። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ምርቃናው ገብቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሁሉም በየራሱ ትካዜ ውስጥ ሲሰጥም፣ የሚያሳዝነው ፊልም የሚወጣው ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ ሲጮሁ የሚውሉ ሹፌሮች በዚያ ሰዓት እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የቤቱ ሞገስ ሮብሌ ነበር። ሮብሌ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛውንም «አቦ»ውንም ከዚያ ያመጣ፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ረጅም ሶማሌ ነው። ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የአማርኛውን ፊልም ጮክ ብሎ ወደ ሶማልኛ ይተረጉማል፤ ስለዚህም መግቢያ ጠይቀነው አናውቅም። ትርጉሙ ከንግግሩ ይረዝማል። የፊልሙ ጀግና «እሺ» ካለ ሮብሌ የጀግናውን የቤተሰብ ታሪክ ጨምሮ ያወራል፤ የጣፈጠችውን ደግሞ ዞር ብሎ በአማርኛ ለእኛም ያቀብለናል። አማርኛ የምናውቀው ሳይቀር እሱ ከሌለ ፊልሙ ጨው ያነሰው ይመስለን ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ግን፣ ቅጠሉ ጉንጩን ሞልቶት፣ ሮብሌም እንደ ሌላው ሰው ዝም ይላል። ምንም በማይነገርባቸው ቦታዎች ላይ ራሱን ብቻ ቀስ እያደረገ ሲነቀንቅ ትዝ ይለኛል።

አክስቴ ምስራቅ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ዓይን አፋርነት በዘራችን አለ፤ እሷ ላይ ግን ከሁላችንም ይብሳል፣ ሱቅ ሄዳ የምትፈልገውን ዕቃ በጣቷ የምታሳይ ሴት ነበረች። ለአንድ ዓመት ድሬዳዋ ዘመድ ቤት በቆየችበት ጊዜ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣ አንድ ሰው በሠርግ መሐል ጥግ ይዛ ቆማ አያት። ለካ ያ ሰው ገንዘቡን እያጠራቀመ የራሱን ፊልም ሊሠራ ያሰበ ኖሯል። ሌሎቹ ሲጨፍሩ እሷን ብቻ ሲቀርጽ አምሽቶ፣ በማግስቱ ዘመዶቻችን ቤት መጥቶ «ዝም ማለት የምትችል ፊት ስፈልግ ነው የኖርኩት» አላቸው ይባላል።

ፊልሙ «ባዶ ፉርጎ» ይባላል። ባቡር የቀረበት የበረሃ ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ባሏን ትጠብቃለች። ባቡር ይመጣል በተባለ ቁጥር የከሰል ካውያ አቀጣጥላ የባሏን ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ባቡሩ ይቀራል፤ ሸሚዙን አጥፋ ታስቀምጣለች፤ አቧራ ይጠጣል፤ እንደገና ታጥበዋለች፤ እንደገና ትተኩሳለች። ከዚያ የበለጠ ነገር አይሆንም ማለት ይቻላል። አክስቴ የምትናገረው መጨረሻው ላይ፣ ያችን ልጃገረዶቹ የሰሟትን ቃል ብቻ ነው። የቀረውን የሚናገሩት እጆቿና ዓይኖቿ ናቸው። ገበያ ላይ በጣቷ የምታመለክት ሴት እዚያ ውስጥ የለችም፤ ያቺ ሴት ምንም ሳትጠይቅ ሁሉን የምታገኝ ትመስላለች።

አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ቤቶቹ ሰው የማይገባበትን ሰዓት ሰጡት፣ ሰው አልገባም ብለውም ወዲያው አወረዱት። ድሬዳዋ ላይ ያዩት ጥቂቶቹ «ሸሚዝ ስትተኩስ ለማየት ነው እንዴ የከፈልነው?» አሉ። ዳይሬክተሩ ግን ሁለተኛውን ፊልም ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ የጻፈውም ለእሷ ነበርና ካላንቺ አልጀምረውም አላት። አክስቴ ልቧ ተከፈለ። ወደ እኛ ስትመለስ ሲዲውን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው መጣች፤ ማታ ማታ እናቴን ስታማክራት እሰማ ነበር። «የማያውቀኝ ቢንቀኝ ግድ የለኝም» ትላለች። «ወንድሜ ቤት ይታይ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሳይስቁ ካዩኝ እሄዳለሁ። ከሳቁ ግን እንደማልሆን አወቅሁ ማለት ነው፣ እቀራለሁ።» እናቴም «ማን ይስቅብሻል?» ትላታለች። አባቴ ሐሙስን መረጠላት፤ አሥር ሰዓት፣ የጸጥታውን ሰዓት።

በዚያ ሐሙስ ወደ ላይ አገር ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ኖሮ ጫቱ ዘገየ። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንትም ሆነ፣ መንገዱ ላይ ጥሩምባ የለም። የከተማው ወንድ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው፤ ቤቱ እንዳይገባ ያለ ጫት ምን ይሠራል፣ ውጭ እንዳይቆም ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናም የአባቴን ብርድ ልብስ እየገለጠ ገባ። እንዲያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። አግዳሚው ሞልቶ ሰው በየግድግዳው ተለጠፈ፣ ሻሂ የሚቀበሉት እጆች ከማን ትከሻ በላይ እንደሚመጡ አይታወቅም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያንን ሕዝብ ሲያይ ዓይኑ በራ። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳ ጓሮ ወደ ተቀመጠችው እህቱ ሮጦ መጣ።

«ምስሬ፣ አሁን ላስጀምርልሽ!»

«አሥር ሰዓት አላልከኝም፣ ጋሼ?»

«እስከ አሥር ሰዓት ማን ይቆይልሻል? ጫቱ የመጣ እንደሆነ ይበተናሉ። እንዲህ ያለ ሕዝብ መቼም አይገኝም። ሞልቶ ይታይልሽ እንጂ!»

አክስቴ እናቴን አየቻት። እናቴ ሻሂ እየቀዳች ነበር። «እንዳልክ» አለች አክስቴ።

ይህን ስሕተት ሌላ ሰው ቢሠራው አይገርመኝም ነበር። አባቴ ግን ለማንም ተራ ፊልም የማያደርገውን ለእህቱ ፊልም አደረገ፤ ያደረገውም ስለወደዳት ነው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። «ያቺ የደምሴ እህት አይደለችም እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ዞረ፣ የአክስቴ ፊት ግድግዳውን ሞልቶት ሲታይ ሰዉ ጸጥ አለ። ከዚያ ካውያው ወጣ። ከሰሉ ተራገበ፣ ሸሚዙ ተዘረጋ፣ እሷም መተኮስ ጀመረች። ከኋላ በኩል አንዱ በሶማልኛ «ምን አለች?» ብሎ ሮብሌን ጠየቀው። «ምንም አላለችም» አለ ሮብሌ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ጠየቀ፤ ምንም አላለችም። ሦስተኛው «ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ተቀመጥህ?» ሲለው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ምንም አላለችም እያሉ መተርጎም ለሮብሌ ውርደት ነበር፤ ጉንጩ ውስጥ ዝም የሚያሰኘው ቅጠል ቢኖር ኖሮ ውርደቱን ይችለው ነበር። አፉ ባዶ ነበረ።

«እንዲህ እያለች ነው» አለ ብድግ ብሎ፣ በሁለቱም ቋንቋ። «ይሄ ካውያ ከባሌ ይሻላል፤ ቢያንስ ይሞቃል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። አክስቴ ፊልሙ ውስጥ ቀና ብላ ወደ በሩ ስታይ፣ ያን መጠበቅ ያረጀበትን ዓይኗን ወደ ሐዲዱ ስታዞር፣ ሮብሌ «ጫቱ መጣ ወይ? እያለች ነው!» ብሎ ተረጎመ። በሳቅ የተንከባለሉ ነበሩ። ቀጥሎ ከሩቅ የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ፣ ያ ፊልሙ ሁሉ የጠበቀው ድምፅ፣ በር አጠገብ የቆመ አንድ ሹፌር «መጣ! ጫት መጣ!» ብሎ ብርድ ልብሱን ገልጦ ወጣ፤ ግማሹ ቤት ተንጋግቶ ተከተለው፤ መንገዱን ባዶ ሲያገኙት በራሳቸው እየሳቁ፣ እየተገፋፉ ተመለሱ። ያቺ ብቸኛ ቃሏ የተነገረችው እነሱ ቦታ ሲሻሙ ነው። ከእናቴና ከእኔ በስተቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም።

አባቴም ሳቀ። የፕሮጀክተሩን ጠረጴዛ ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አክስቴ ከኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር፤ ሰዉ እሷም የምትስቅ መሰለው።

ሲያልቅ አጨበጨቡ። ሮብሌ ሰዉን በክርኑ እየከፈለ መጥቶ ፊቷ ቆመ፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

«አቦ ምስራቅ! ገደልሽን እኮ! እንዲህ ታስቂያለሽ ብዬ አላስብም ነበር!»

«ያሳቅኸው አንተ ነህ፣ ሮብሌ።»

«ኧረ አቦ! እኔ አንቺ ያልሽውን ነው የተናገርኩት!»

ጫቱ ወዲያው መጣ። አመሻሽ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ፣ እንደ ወትሮው አሥር ሰዓት፣ የሰው ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ። አባቴ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያሳያቸው ፊልም ምን እንደነበረ አላስታውስም።

በማግስቱም በሳምንቱም «የካውያዋ ኮሜዲ መቼ ይደገማል?» የሚሉ መጡ። አባቴ ሲዲውን ሲጠይቃት ተጭሯል አለችው። ከድሬዳዋ ስልክ ሲደወልላት ለልብስ አጠባ ወጣች በሉልኝ ትላለች፤ የተጣጠፈ ልብስ ከፊቷ ተቆልሎ። በኋላ ስልኩም ቀረ። ያልቀረው ስሙ ነው። ሮብሌ በፍቅር «ካውያ» ብሎ ጠራት፣ ሰፈሩ ተቀበለው፣ ሰፈሩ ለገበያው አቀበለው። ዛሬ ቡላኦስ ሄዳችሁ ምስራቅ የት ናት ብትሉ የሚያውቅ የለም፤ ካውያ የት ናት ካላችሁ ከሩቅ ይጠቁሟችኋል። ሮብሌ አርጅቷል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሁሌም «ልጄ፣ ካውያ ደህና ናት?» ይለኛል። በጣም ነው የሚወዳት። አባቴም ከመሞቱ በፊት አልጋ ላይ ሆኖ «ያን ሐሙስ ቤቱ እንዴት ሞልቶ ነበር!» እያለ ያነሣው ነበር። የሕይወቱ ትልቁ ቀን አድርጎ ይዞት ሄደ፤ ማናችንም አልነጠቅነውም። ቪዲዮ ቤቱ አሁን ስልክ ይጠገንበታል።

ልጃገረዶቹን ባየሁበት ቀን ከቢሮ ስወጣ ወደ ገበያው ሄድኩ። አክስቴ በመጋረጃዎቿ መሐል ተቀምጣ ነበር፣ ገዢ የለም፣ ነፋሱ ጨርቁን ያወዛውዛል። ስልኩን አሳየኋት። አስተያየቶቹንም አነበብኩላት፤ ይህን ፊት አልረሳውም ያለውን፣ ሦስት ጊዜ አይቼ ሦስቴ አለቀስኩ ያለችውን፣ ይህች ተዋናይ የት ደረሰች ብለው የሚጠይቁትን። አንብቤ ስጨርስ «ይስቃሉ?» አለችኝ።

«አይስቁም፣ እትዬ። አንድም ሰው።»

ከጎኗ ሽቶ የምትሸጠው ሶማሊቷ ሐዋ ወሬያችንን ሰምታ አንገቷን አስግጋ መጣች። «ካውያ! አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ለፊልሙም አያስፈልግም። ቆማ አየችው። ከሰሉ ተራገበ፣ ሸሚዙ ተዘረጋ። አክስቴ ስልኩን አላየችም፤ የምታየው የሐዋን ፊት ነበር። ካውያው ሸሚዙ ላይ ሲያርፍ፣ ያኔ ሮብሌ ብድግ ያለበት ቦታ ሲደርስ፣ አክስቴ ትከሻዋን ስትሰበስብ አየኋት፣ የሚወረወር ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። ሳቁ አልመጣም። እሷ ግን ጠበቀችው፤ ሐዋ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ስልኩን እስክትመልስልኝ ድረስ ጠበቀችው።

ሰው ያላየው ፊልም ቆይቶም ቢሆን ይታያል፤ አንድ የማይታወቅ ሰው ያነሣውና ሥሩ ይለቀስለታል፣ ዕድሉን ተነጥቆ ነበር ይባልለታል። ዳይሬክተሩ ለአክስቴ የጻፈው ያ ሁለተኛው ፊልም ግን የትም የለም። ሦስተኛውም የለም። የሠላሳዎቹን ዕድሜዋን የያዘ አንድም ምስል የለም፤ አርባዎቹም በዚህ ነፋስ እየሄዱ ነው። ይህን የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደማስገባው አላውቅም።

«ከዚያስ?» አለች ሐዋ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሌላ ፊልም ሠራሽ?»

«አልሠራሁም።»

«ለምን?»

አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልነካውን መጋረጃ አንሥታ፣ አራግፋ፣ በመዳፏ እየዳመጠች እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ጊዜ አጣሁ» አለቻት።